ከመቶ አንዱ፦ በይፋት ቆላ መንገድ አደጋን ስለመቀበል

ጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሰው፣ ጉሙ ከገለጠለት፣ አገር ከእግሩ ሥር ቁልቁል ሲወርድ ያያል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው መንገድ ጣልያን በወረራው ዘመን የቆፈረውን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ይወርድና፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ከዚያ ወዲያ ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱና ማንጎው፤ ከዚያ የአፋር ሜዳ፤ ከዚያ የጨው ሐይቅ፤ መጨረሻ ላይ ባሕር።

በዚህ መንገድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው ሊሞት እንደሚችል እያወቀ ተጉዟል። እኛ የዛሬ ልጆች "ሪስክ መውሰድ" የምንለውን ነገር የይፋት ሰው ስም ሳያወጣለት ኖሮበታል። ሰው አደጋን አውቆ ሲቀበል ምን ማለት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለ ጠፈርተኞችና ስለ ተራራ ወጪዎች ሲወራ ነው። ስለ ግመል ነጂ፣ ስለ ቆላ አራሽ፣ ወይም ሌሊት በጀልባ ስለሚሳፈር የሃያ ዓመት ልጅ ሲሆን ጥያቄው ይቀርና ወይ "ድሃ ምን ምርጫ አለው?" ይባላል፣ ወይ "እብደት ነው" ይባላል። ሁለቱም ሰውየው ራሱ ምን አስቦ እንደወሰነ ለመጠየቅ የሚሰንፍ አነጋገር ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በእኛ ሥራ አንድ ነገር ከመለቀቁ በፊት የሚጠየቀው "ይበላሻል ወይ?" ተብሎ አይደለም፤ ሁሉም ነገር አንድ ቀን ይበላሻል። የሚጠየቀው "ከስንት ጊዜ ስንቴ ይበላሻል? ሲበላሽስ ማን ይጎዳል? ማንስ ያውቃል?" ተብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ይፋት መንገድ የምሄደው። (ከዚህ በታች "ዓ.ም." ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሲራራ ነጋዴና አባኑ

የይፋት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ መንገድ ታሪክ ነው። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት እዚህ ቆላ ላይ የገነነው ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን ንግድ ስለያዘ ነው። ዛሬም በሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ እንደ ኖራ ባሉ የከተማ ፍርስራሾች ውስጥ፣ በድንጋይ የተሠራ የመስጊድ ግድግዳ ቆሞ ይታያል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ትልቁ መንገድ የታጁራው ነበር። ግመሎቹ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ተነሥተው፣ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር በሚወርደው በአሳል ሐይቅ ዳር አልፈው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ከአንኮበር ሥር ባለችው በአርጎባዎቹ የገበያ ከተማ በአሊዩ አምባ ያራግፋሉ። ወደ ላይ የሚመጣው ጨውና ጨርቅ፣ በኋላም ጠብመንጃ ነበር።

የመንገዱን ጠባይ ለማወቅ እንግዶቹ የጻፉትን ማየት ይበቃል። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ወታደርም መሣሪያም ይዞ ነበር። አሳልን አልፈው ጉንጉንቴ በሚባል ሸለቆ ባደሩበት ሌሊት ግን ሦስት ሰዎቹ በተኙበት ተገደሉ። የቀሩት ቀጠሉ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረሙ። ከ45 ዓመት በኋላ ግጥም የተወው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ ሁለት ሺህ ገደማ ጠብመንጃ ለምኒልክ ሊሸጥ በዚሁ መንገድ መጣ። ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ሲጠብቅ ሸሪኩ ላባቱ ታሞ ሞተ፤ ሊተባበረው የነበረው ሶሌዬም ሞተ፤ ባራል የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከነጓዙ በረሃው ላይ ተጨፈጨፈ። ራምቦ ይህን ሁሉ እያወቀ በጥቅምት 1886 ተነሣ፣ በየካቲት 1887 አንኮበር ገባ።

እንግዶቹ መጽሐፍና ደብዳቤ ስለጻፉ ስማቸው ቀረ። ያንኑ መንገድ በዓመት ብዙ ጊዜ የሚመላለሱት የአፋርና የአርጎባ ግመል ነጂዎች ግን አልጻፉም። ሆኖም እነሱ ከሃሪስ የበለጠ ያወቁት ነገር ነበር፤ አደጋን እንዴት እንደሚከፋፈሉት። ማንም ብቻውን አይሻገርም። ሲራራው የሚነሳው ሰው ሲበዛ ነው፤ አለቃ አለው፤ ውሃ የት እንዳለና የትኛው ጎሣ ከማን ጋር እንደተጣላ ሳይጠየቅ አይነሳም። በዚያ ጠረፍ ደግሞ አባን የሚባል ሰው ነበር። አባን የአገሩ ሰው ሆኖ እንግዳውን በክብሩ የሚያሻግር ዋስ ነው። ገንዘብ ይከፈለዋል። ነገር ግን እንግዳው ቢገደል ነውሩም፣ የደም ጣጣውም የሱ ነው። መንገዱን የሚያውቀው ሰው ራሱ መንገዱ ላይ አለ፤ ስለ አደጋው ቢዋሽ መጀመሪያ የሚከስረው እሱ ነው።

ከዚህ መንገድ ላይ አንድ ነገር ደብቆ ማውራት ግን አይቻልም። ያው መንገድ ወደ ታች ሲሄድ ሰው ይጫንበት ነበር። ከአሊዩ አምባ ብዙ ሳይርቅ ዐብደል ረሱል የሚባል ገበያ ነበር፤ ከደቡብና ከምዕራብ ተይዘው የመጡ ልጆች እዚያ ተሸጠው ወደ ታጁራ ይነዱ ነበር። በአንዱ ሲራራ ውስጥ ነጋዴውና ባሪያው ያንኑ በረሃ፣ ያንኑ ጥም ይጋራሉ፤ የመሞት ዕድላቸው ቢመሳሰልም እንኳ አንደኛው አደጋውን ተቀብሎታል፣ ሁለተኛው ተጭኖበታል። ስለዚህ ስለ አደጋ ስናወራ "ምን ያህል አደገኛ ነው?" የሚለው ብቻውን ምንም አይነግረንም። "ማን መረጠው? ምን እያወቀ?" የሚለው መከተል አለበት።

ንዳድ

ሁለተኛው የይፋት አደጋ ጦር አልያዘም። ወባ ነው፤ የድሮ ሰዎች ንዳድ ይሉታል።

ደጋው ጠባብ ነው፣ መሬቱ ደክሟል። ቆላው ሰፊ ነው፣ ወንዝ አለው፣ ያበቅላል። ግን ይገድላል። ስለዚህ የዳገቱ አራሽ መላ አበጀ፦ ቆላ ወርዶ ያርሳል፣ ሲመሽ ወደ ዳገቱ ወጥቶ ያድራል። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ያሉትን ወራት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ይፈራል። የበሽታው ምክንያት መጥፎ አየር ነው የሚል ነበር፤ እሸት በቆሎ መብላት ነው የሚልም ነበር። ምክንያቱን ሁሉም ስተዋል። ሕጉን ግን አልሳቱም። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትነድፈው ከመሸ በኋላ ነው፤ ከፍ ያለ ብርዳማ ቦታ ላይ ደግሞ በሽታው እንደልቡ አይሰራጭም። "ቆላ አትደር" የሚለው ምክር ከሳይንሱ በፊት የተገኘ ትክክለኛ መልስ ነው።

ይህ ምክር እንዴት ተገኘ? በመቁጠር ነው። ማንም ወረቀት ላይ አልጻፈውም፤ ግን የእገሌ ልጅ ወርዶ አድሮ በሳምንቱ እየተንቀጠቀጠ መጣ፣ የእገሊት ባል አልተመለሰም እየተባለ በየቤቱ ተቆጠረ። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ሟቹ የት እንዳደረ ይጠይቃል። መንደሩ ለራሱ ሞት ትዝታ ነበረው። ልጁ ቆላ ልውረድ ሲል አባቱ የሚነግረው ያንን ትዝታ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ቢወርድ፣ አውቆ ወረደ ማለት ይቻላል።

ያልተጠበቀው ሲመጣ ምን እንደሚሆን ደግሞ 1958 አሳይቷል። በዚያ ዓመት ወባ ዳገቱን ወጣች። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ባሉ፣ ሰዎች በሽታውን በማያውቁባቸው ቦታዎች ተሰራጭታ፣ በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150 ሺህ ሰው ሞተ። እነዚህ ሰዎች ቆላ አልወረዱም፤ አደጋውን አልመረጡም፤ ቆላው መጣባቸው። በማግሥቱ፣ በ1959፣ መንግሥት የወባ ማጥፊያ ድርጅት አቋቋመ። ዲዲቲ ተረጨ፣ ክሎሮኪን ታደለ፤ ብዙ ቆይቶ አጎበሩና በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጡ። ሸዋ ሮቢት ዛሬ ሰው ተኝቶ የሚያድርባት ከተማ የሆነችው የሮቢት ሰው ከአያቱ ይልቅ ደፋር ስለሆነ አይደለም። አደጋው በሥራ ስለተቀነሰ ነው። ሥራው ሲላላ ደግሞ አደጋው ይመለሳል፤ በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙ ተመዝግቧል።

ሁለት ቁጥሮች

አሁን ከይፋት ወጥተን ርቀን እንሂድ፤ መልሰን እንመጣለን። የሰው ልጅ አደጋን በቁጥር ለመናገር በጣም የደከመው የጠፈር በረራ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥር ሲዋሽም በደንብ የሚታየው እዚያ ነው።

ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሰከንድ ተበታትና ሰባት ሰዎች ሞቱ። አንዷ ክሪስታ መኮሊፍ የምትባል አስተማሪ ነበረች። ከዚያ በኋላ በተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን አንድ ቀላል ጥያቄ ይዞ ዞረ፤ መንኮራኩሯ የመጥፋት ዕድሏ ስንት ነው? መሐንዲሶቹ ከመቶ አንድ ገደማ አሉት። አለቆቹ ከመቶ ሺህ አንድ አሉት። ፋይንማን የሁለተኛውን ትርጉም አሰላው፤ በየቀኑ አንድ መንኮራኩር ለ300 ዓመት ብታስወነጭፍ የምታጣው አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን በጤናው የሚያምን ማነው?

ፕሮግራሙ ሲያበቃ ቆጠራው ራሱ ተናገረ። መንኮራኩሮቹ በ30 ዓመት ውስጥ 135 ጊዜ በረሩ፤ ሁለቱ ጠፉ፤ 14 ሰው ሞተ። ከ67 አንድ ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ልክ ነበሩ፤ እንዲያውም ትንሽ ደግ ነበሩ። ናሳ ራሱ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያሰላ፣ የመጀመሪያዎቹ በረራዎች አደጋ ከአሥር አንድ ገደማ እንደነበረ አገኘ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ጠፈርተኞች ፈሪዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ የጦር አውሮፕላን ሞካሪዎች ነበሩ፤ ጓደኞቻቸውን ቀብረዋል። ከመቶ አንድ ቢባሉም ብዙዎቹ ይሳፈሩ ነበር ብዬ አምናለሁ። የቻሌንጀር ጥፋት ሰዎቹ አደጋ መቀበላቸው አይደለም። ከበረራው በፊት በነበረው ሌሊት ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ሮጀር ቦይጆሊ አንዱ ነበር፣ ብርዱ የሮኬቱን የላስቲክ ማጣበቂያ ቀለበቶች ያደርቃል፣ ነገ አይሁን ብለው በስልክ ስብሰባ ላይ ተከራክረዋል። አለቆቻቸው አፈገፈጉ፤ በረራው ጸደቀ። ጠዋት ወደ መንኮራኩሯ የገቡት ሰባቱ ሰዎች ስለዚያ ክርክር አንድም ቃል አልተነገራቸውም። አደጋውን ተቀብለው ነበር፤ የተቀበሉት ግን ሌላ አደጋ ነው። ያን ቀን የነበረውን አይደለም።

አንድ ሰው ሕይወቱን አሲዞ ሲወጣ ልናከብረው የምንችለው፣ እውነተኛውን ቁጥር ይዞ ከወጣ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከተደበቀበት፣ የእሱ ድፍረት የሌላ ሰው መሣሪያ ሆኗል።

ከአሊዩ አምባ ወደ ኦቦክ

ወደ ይፋት እንመለስ። የሲራራው መንገድ አልሞተም። አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ።

ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከከሚሴና ከዙሪያቸው ገጠሮች የሚነሱ ወጣቶች በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። ብዙዎቹ በእግር ነው። በአሳል ሐይቅ አጠገብ፣ የሃሪስ ሰዎች በተገደሉበት አካባቢ ያልፋሉ፤ ታጁራን ይዘው ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ከኦቦክ ጠረፍ ሌሊት በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ከየመን ሳዑዲ። በእኛ አካባቢ አነጋገር በአውሮፕላን የሄደው "በቪዛ ሄደ" ይባላል፤ ይኼኛው "በባሕር ሄደ" ነው።

የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት የሚቆጥረው ቁጥር አለ። በ2019 በዚህ መንገድ የመን የገባው ሰው ከ138 ሺህ በላይ ነበር፤ የሚበዛው ኢትዮጵያዊ ነው። በ2024 ደግሞ 60 ሺህ ገደማ ገባ፤ በዚያው ዓመት በዚያው መንገድ 558 ሰው መሞቱ ተመዘገበ፣ አብዛኛው ጀልባ ሰጥሞ። አካፍሉት። ከመቶ አንድ ገደማ ይመጣል።

የፋይንማን መሐንዲሶች የተናገሩት ያው ቁጥር ነው። ከኦቦክ የሚሳፈረው ልጅና ጠፈርተኛው አጠገብ ላጠገብ ቆመዋል። እንዲያውም የልጁ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም 558 የተባለው የተቆጠረው ብቻ ነው። በረሃ ላይ በጥም የቀረውን፣ አስከሬኑ ያልተገኘውን ማን መዘገበው? ከባሕሩ ማዶም መንገዱ አያልቅም። ራስ አል ዓራ በሚባለው የየመን ጠረፍ የሚወርዱት በደላሎች ግቢ ተዘግተው፣ ቤተሰብ ገንዘብ እስኪልክ ይደበደባሉ። ከዚያ የሳዑዲ ድንበር አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በጥይትና በሞርታር ገድለዋል ብሏል፤ የሳዑዲ መንግሥት አልተቀበለውም።

ታዲያ ቁጥሩ ከተመሳሰለ ልዩነቱ ምንድነው? ጠፈርተኛው ለዓመታት ይሠለጥናል። የሚመልሰው ቡድን ምድር ላይ ሳይተኛ ይጠብቀዋል። ቢሞት አገር ይቆማል፤ ከቻሌንጀር በኋላ በረራ ለሁለት ዓመት ከስምንት ወር ቆሟል፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ። የኦቦኩ ልጅ ይህ የለውም። በሚያዝያ 2024 በጅቡቲ ጠረፍ ኢትዮጵያውያን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ሰጠሙ፤ በመጀመሪያው 38 ሰው፣ በሁለተኛው ከ20 በላይ ሞተ። የመጀመሪያው ሁለተኛውን አላስቆመውም።

ከአያቶቹም ጋር ብናወዳድረው ያንሰዋል። አባኑ ከእንግዳው ጋር ይጓዝ ነበር። ዛሬ ደላላው ሮቢት ወይም ሎጊያ ተቀምጦ በስልክ ነው የሚያሻግረው። ጀልባዋ ብትሰጥም እሱ የሚያጣው ነገር የለም፤ ስሙን ቀይሮ ሌላ ሲም ካርድ ያወጣል። መንገዱን የሚያውቀውና መንገዱን የሚሄደው ሰው ተለያዩ። ከመቶ ሺህ አንድ ያሉት የናሳ አለቆችም እኮ መንኮራኩሯ ውስጥ አልነበሩም።

"እስቲ ንገረኝ"

ባለፈው ዓመት ሮቢት ሄጄ የአክስቴ ልጅ ማታ ከቤት ውጭ ተቀምጠን ሳለ ጠየቀኝ። ሽንኩርት ያለማል፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። "አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፣ በባሕር ከሚሄደው ስንቱ ይሞታል?" አለኝ።

ከመቶ አንድ፣ ምናልባት ከዚያ በላይ፣ አልኩት። ሞት ብቻ ሲቆጠር ነው፤ መደብደቡ፣ መታገቱ፣ ሴት ከሆነች መደፈሩ የለበትም አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "እዚህስ?" አለኝ።

ይኼ ቀልድ አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል አይቷል። በቀጣዩ ዓመት ጦርነቱ ሮቢት ድረስ መጥቶ ቤተሰቡ ጥሎ ሸሽቷል። የሽንኩርት ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲወድቅ የማዳበሪያ ዕዳ ይዞ ቀርቷል። የመቅረትንም አደጋ ቁጥር ንገረኝ ነው የሚለኝ። ሐቀኛ ጥያቄ ነው። ሰው አደጋን ከዜሮ ጋር አያወዳድርም፤ ካለበት ኑሮ ጋር ነው የሚያወዳድረው። አያቱም ንዳድ እንዳለ እያወቀ ቆላ የወረደው ደጋው ላይ ረሃብ ስለነበረ ነው። ይህን የማያይ "አትሂዱ" የሚል ምክር ቅዳሜ ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያ የሚጮህ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ቢሆንም ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ላጠገብ ያስቀመጠለት ሰው እንዳልነበረ ገባኝ። የሚያየው ምን ነበር? ሰፈሩ ውስጥ የተሠሩትን ቆርቆሮ ቤቶች፣ ቲክቶክ ላይ ሪያድ ውስጥ መኪና ተደግፈው የሚታዩትን ጓደኞቹን። የደረሰ ሰው ቤት ይሠራል፣ ቪዲዮ ይለጥፋል። ያልደረሰው ምንም አይለጥፍም። በእኛ ሙያ ከዚህ የባሰ ነገር የለም፤ ሲሠራ የሚጮህ፣ ሲበላሽ ዝም የሚል ሲስተም።

ዝምታውን የሚያጠብቁ ቃላትም አሉን። ክርስቲያኑ "የአርባ ቀን ዕድሉ ነው" ይላል፤ ሙስሊሙ "ቀደር ነው" ይላል። ይፋት ላይ ሁለቱም በአንድ ለቅሶ ቤት ይሰማሉ። የልጁን አስከሬን እንኳ ላላገኘች እናት ሌላ ምን ይባላል? እነዚህን ቃላት የሚነቅፍ ሰው ለቅሶ ተቀምጦ አያውቅም። ማጽናናት ግን መቁጠርን አይከለክልም። የንዳድ ዘመን ሰዎች በዕድልም በቀደርም ያምኑ ነበር፤ "ቆላ አትደር" የሚለውንም ሕግ ያወጡት እነሱው ናቸው።

የቻሌንጀር መርማሪ ኮሚሽን ካቀረባቸው ሐሳቦች አንዱ የበረሩ ሰዎች፣ ጠፈርተኞቹ ራሳቸው፣ ውሳኔ በሚሰጥበት ወንበር ላይ ይቀመጡ የሚል ነበር። የሮቢትም ወንበር ባዶ አይደለም። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች፤ ከዚያም ወዲህ መመለሱ አልቆመም። በየቀበሌው፣ በየዕድሩ፣ በየጫት ቤቱ ያንን መንገድ በእግራቸው የለኩ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጉድጓዱ የት እንደደረቀ፣ ጀልባዋ ላይ ስንት ሰው እንደተጫነ፣ ደላላው ምን ብሎ ምን እንዳደረገ ያውቃሉ። የይፋት አባኖች አሁን እነሱ ናቸው፤ ማንም አልሾማቸውም እንጂ።

የአክስቴ ልጅ አሁንም ሮቢት ነው፤ ነገ ምን እንደሚወስን አላውቅም። የሱ ውሳኔ ነው። እንዲወስን ግን የደላላው ቁጥር ብቻ ሊደርሰው አይገባም። ከስደት የተመለሰ ሰው ሰፈር ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ስንት ይዘህ መጣህ?" ተብሎ ነው። ቡናው ተፈልቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ልጆቹም እየሰሙ፣ ሌላኛው ጥያቄ ቢቀድም ምን አለበት፦ ስንት ሆናችሁ ሄዳችሁ? ስንት ሆናችሁ ደረሳችሁ?